ጨው ያልነካው ሳህን፦ የናአ ኦፎሌይ ላርቴይ የሕይወት ታሪክ

ናአ ኦፎሌይ ላርቴይ ከአባታቸው ከታንኳ አዛዡ ከኒ አርዴይ ላርቴይ፣ ዓሣ በጭስ እያደረቁ ይሸጡ ከነበሩት ከእናታቸው ከናአ ክዋርሌይ፣ በአክራ ከተማ፣ በጋ ማሺ፣ ከቡኮም አደባባይ ጀርባ በሚገኘው በላርቴይ የሴቶች ግቢ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ማርች 11 ቀን 1950 ተወለዱ። በስምንተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ እንደ ደንባችን ወደ ደጅ ወጥተው ስማቸው ተሰየመ። ለወላጆቻቸው ሁለተኛ ልጅ ናቸው። የመጀመሪያዋ ልጅ ናአ ላሚሌይ የእኔ የጸሐፊዋ የኮርኮር እናት ነበሩ። ስለዚህ ሟቿ ለእኔ አክስቴ ናቸው፤ ከ1998 ወዲህ ደግሞ እናቴ።

የቤተሰቡ ሽማግሌዎች ይህን ታሪክ እንድጽፍ ሲያዙኝ ሁለት ነገር አስጠንቅቀውኛል፤ እንዳላረዝመው፣ የሰው ንግግርም እንዳላስገባበት። የመጀመሪያውን ሞክሬአለሁ። ሁለተኛውን ግን ይቅር ይበሉኝ፤ አክስቴን ያለ አንደበታቸው ላሳያችሁ አልችልም። ሌላም ልናገር። ይህን የጻፍኩት ፈርቼ ነው። በዚህ ግቢ ተወልዶ ያልፈራ የለም፤ የምንፈራውም ነገር አንድ ነው። ዛሬም ከአስከሬን ሣጥናቸው አጠገብ ቆሜ እፈራዋለሁ።

ፍርሃቱ የጀመረው በ1961 ነው። አባታቸው ኒ አርዴይ ከጓዶቻቸው ጋር በባሕሩ ዳር መረብ እየጎተቱ፣ እየዘፈኑም ነበር። ዘፈኑ ከአፋቸው ላይ ተበላሸ። ገመዱን ለቀቁ፤ ፊታቸው በአንድ ወገን ወረደ፤ አሸዋው ላይ ተቀመጡ። የአርባ አራት ዓመት ሰው ነበሩ። የአሥራ አንድ ዓመቷ ኦፎሌይ የዓሣ ቅርጫት ይዛ ቆማ አየች። ሰፈሩ ሁሉ ጠላት የላከባቸው ነገር ነው አለ። ጠላቱን ለመፈለግ ብዙ ተደከመ፣ አልተገኘም። ሁለት ዓመት ተኝተው አረፉ፤ በእነዚያ ሁለት ዓመታት በማንኪያ ያጎረሷቸው አክስቴ ናቸው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ልማድ ያዛቸው። ጠዋት ማንንም ሰው ሲያዩ ከሰላምታው በፊት "ስምህን በል" ይሉ ነበር። ሰውየው ስሙን ከነአባቱ በደንብ አድርጎ ከጠራ፣ አፉ አልተጣመመም፣ ምላሱ አልተሳሰረም ማለት ነው። ያኔ "እንዴት አደርክ" ይከተላል። ልጆች ሆነን እናሾፍባቸው ነበር። "ስምሽን በይ" ሲሉኝ "የእንግሊዝ ንግሥት" ብዬ እሮጣለሁ፤ እሳቸውም "ንግሥትም ብትሆኚ አፍሽ ደህና ነው፣ ሂጂ ውኃ ቅጂ" ይሉኛል። ሲያድጉም ሲያረጁም አልተዉትም። ለአንዳንዱ ሰው ቀልድ ይመስለው ነበር። አልነበረም።

ናአ ኦፎሌይ በሰፈራችን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ተምረው በ1966 የመካከለኛ ደረጃ ምስክር ወረቀታቸውን ወሰዱ። ነርስ ለመሆን ይመኙ ነበር። ይሁንና እናታቸው ሕመም ስለጀመራቸው ሥራው በእሳቸው ትከሻ ወደቀ። የበቆሎ ሊጥ አቡክተው፣ በበቆሎ ልጣጭ ጠቅልለው፣ ኬንኪ እየቀቀሉ መሸጥ ጀመሩ። ዕድሜ ልካቸውን ቡኮም ያወቃቸው በዚያ ኬንኪ ነው።

በ1971 ዓሣ አጥማጁን አታ ክዌይ ታጎን አገቡ። እንደ አያቶቻችን ወግ ሁለቱ በአንድ ጣሪያ ሥር አልኖሩም። እሳቸው በሴቶች ግቢ፣ ባለቤታቸው ከመተላለፊያው ማዶ በወንዶች ቤት። ሚስት ስለመሆናቸው በየምሽቱ የሚመሰክረው የሸክላው ሳህን ነበር፤ ራት ይሠራና ተከድኖ ወደ ወንዶች ቤት ይሄዳል፣ ባዶውን ይመለሳል። ሳህን ካልሄደ ሚስትየዋ ተቆጥታለች፤ ሳህኑ ሳይነካ ከተመለሰ ደግሞ ባልየው። በጋ ማሺ ሰው ትዳሩን የሚያነብበው በሳህን ነው። በዚህ ሳህን ሦስት ልጆች አሳደጉ፤ ኒ ኦቱን፣ አሜርሌይንና አጄሌይን።

እናታቸው ናአ ክዋርሌይ በ1983 እንደ አባታቸው በድንገት ወድቀው አረፉ። በ1998 ደግሞ እህታቸው፣ የእኔ እናት፣ በማኮላ ገበያ ለደንበኛ ዋጋ እየተናገሩ ሳሉ ቃሉ ግማሹ ላይ ቀረ። አርባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር። የተጠናቀቀውን ቃል ማንም አልሰማም። አክስቴ ቀብር ላይ አላለቀሱም። እኔን አቅፈው በጆሮዬ "ስምሽን በይ" አሉኝ። ነገርኳቸው። ደግመው ጠየቁኝ። ደግሜ ነገርኳቸው። በዚያን ቀን ሲጠይቁኝ ዋሉ።

በ2009 ከዩኒቨርሲቲ የመጡ አጥኚዎች ወደ ሰፈራችን ገቡ። የሚያጠኑት ሥር የሰደዱ በሽታዎችን፣ በተለይ የደም ግፊትን ነው፤ በከተማ ድሀ ሰፈሮች ሰው ሳይታመም እንዴት መከላከል ይቻላል የሚለውን። መሪያቸው ዶክተር ሴናም የሚባሉ ቀጭን፣ ቶሎ የሚስቁ ሴት ነበሩ። ሰፈሩ አልወደዳቸውም። የወባ ሰው፣ የኮሌራ ሰው ሲመጣ እናውቃለን፤ ያልታመመን ሰው ክንድ በጨርቅ የሚያንቅ ግን አይተን አናውቅም። ዓሣ ሻጮቹ ከበው ያዟቸው።

"አንቺ ልጅ፣ ምኔን ልታንቂ ነው? ጤነኛ ነኝ እኮ።"

"ጤነኛ መሆንዎን ልወቅ ብዬ ነው፣ እናቴ።"

"እኔ አውቃለሁ አላልኩሽም? ደሜን ለክተሽ ለማን ልትሸጪው ነው?"

አክስቴ ከኬንኪያቸው ድስት ተነስተው መጡ። ሰውን ገፋ አድርገው ክንዳቸውን ዘረጉ። ስለ ድፍረታቸው ብዙ ተወርቷል፤ እኔ ግን አጠገባቸው ነበርኩ፣ በሌላው እጃቸው የቀሚሴን ጠርዝ ጨብጠው ነበር። ጨርቁ ሲነፋ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ዶክተር ሴናም በጆሮአቸው የነገሯቸው ደግ ወሬ አልነበረም። አክስቴ "ታዲያ ይኼ ነገር ስም አለው ማለት ነው?" አሉ። ዶክተሯ አለው አሉ። "መድኃኒትስ?" አለው፤ በየቀኑ የሚዋጥ። አክስቴ ያን ጊዜ ነው ያለቀሱት፤ በድስቱ አጠገብ ቁጭ ብለው ለአባታቸው፣ ለእናታቸውና ለእናቴ በአንድ ላይ።

በዚያው ዓመት በሃምሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ለጥናቱ መረጃ ሰብሳቢ ሆነው ተቀጠሩ። ሥልጠናውን ወሰዱ፤ የሰው ክንድ የነገራቸውን ለባለ ክንዱ ብቻ እንጂ ለባሉም፣ ለሚስቱም፣ ለሽማግሌም እንዳይናገሩ ቃል ገቡ። ያን ቃል እንደ መሐላ ነው የያዙት። በየግቢው እየዞሩ ለኩ። በየቤቱ በጤነኛ ሰው ፊት ተቀምጠው መጥፎ ወሬ በሹክሹክታ መናገር ምን እንደሚመስል እሳቸው ያውቃሉ። ጠዋት ሲወጡ "ዛሬ ደግሞ ማንን አገኝ ይሆን" ይላሉ። የፈሩት ይደርሳል እንደሚባለው፣ በየቀኑ ያገኙ ነበር።

አሁን ሽማግሌዎቹ እንድዘልለው የለመኑኝ ቦታ ላይ ደርሻለሁ። አልዘልለውም።

በ2011 ጥናቱ ወደ ማጀት ገባ። ጨው፣ የጨው ዓሣና የሾርባ ኩብ እንዲቀነስ ተፈለገ። ዶክተር ሴናም "ቀስ በቀስ፣ ምላስ ሳያውቅ" ብለው ነበር። ነገር ግን ፍርሃት ቀስ በቀስ የሚባል ነገር አያውቅም። አክስቴ በሁለት ዓመት ውስጥ የስንቱን ክንድ ለክተው፣ የስንቱን ወንድ ቁጥር በሆዳቸው ይዘው ነበር። አታ ክዌይ ደግሞ ክንዳቸውን ከልክለዋቸዋል። "የእኔን ልክ ባሕሩ ያውቃል" ይላሉ፣ ይስቃሉ። አክስቴ የግቢውን ሴቶች ሰበሰቡና በአንድ ማክሰኞ፣ ወንዶች ባሕር በማይወጡበት ቀን፣ ሁሉም በአንድነት ያለ ጨው እንዲሠሩ አስማሙ። ለወንዶቹ ማንም አልነገረም። የማጀት ነገር ለወንድ ይነገራል እንዴ?

የጋ ነገድ ያልሆነ ሰው እዚህ ላይ ምን እንዳስፈራ አይገባው ይሆናል። በእኛ ግቢ በሆሞዎ፣ በዓመቱ የመኸር በዓላችን፣ ክፖክፖይ የተባለው የበቆሎ ምግብ ሲሠራ ለአያቶቻችን ነፍስ የሚረጨው ድርሻ ጨው ከመግባቱ በፊት ተቀንሶ ይቀመጣል። ሙታን ጨው አይበሉም። ጨው የሌለው ምግብ በሳህን ተከድኖ ለአንድ ሰው ከተላከ፣ ላኪው ያን ሰው ከሙታን ቆጥሮታል።

ያን ማክሰኞ ምሽት የሴቶች ግቢ ሳህኖች ሁሉ ወጥተው ወደ ወንዶች ቤት ሄዱ። የዘንባባ ፍሬ ወጥ ከኬንኪ ጋር ነበር። እኛ ግቢ ውስጥ ተቀምጠን እንጠብቃለን። ሌላ ጊዜ ከወንዶች ቤት በራት ሰዓት ሳቅ፣ ስድብ፣ የእግር ኳስ ክርክር ይሰማል። መጀመሪያ ይሰማ ነበር። ከዚያ በአንዴ ጸጥ አለ።  አንድ ሰው ምግቡን ቢጠላ ይጮሃል፤ የአንድ ቤት ወንዶች ሁሉ በአንድ ምሽት የሙት ምግብ ሲቀርብላቸው ግን የሚጮህ አልተገኘም። ከዚያ ሳህኖቹ ተራ በተራ ተመለሱ። ከአንድ ከሁለት ጉርሻ በቀር አንዱም አልጎደለም። ወንዶቹ ራሳቸው እየተሸከሙ አምጥተው በበራችን ላይ መሬት ላይ አስቀመጧቸው።

የአታ ክዌይ ታላቅ ወንድም አታ ኦኪን በሩ ላይ ቆሙ። "የቀበራችሁት ማንን ነው?" አሉ። "አንዳችንን ነው ሁላችንንም?"

"አታ ኦኪን፣ ለጤናችሁ ብዬ ነው እኮ፤ እንዲህ ይመስላችኋል ብዬ አላሰብኩም..." አሉ አክስቴ።

አታ ክዌይ ከኋላ መጡ። ሳህናቸውን አላስቀመጡትም፤ እንደያዙት ነበሩ። "ኦፎሌይ፣ እኔ ሞቻለሁ እንዴ?" ብለው ጠየቁ፤ በቁጣ ሳይሆን እንደሚፈራ ልጅ። 

በማግስቱ ረቡዕ ነበር፣ ታንኳ የሚወጣበት ቀን። አንድም ታንኳ አልወጣም። ጠዋት አታ ኦኪን ፊታቸውን ሊታጠቡ ጎንበስ ብለው ሳይነሱ ቀሩ። ቀኝ ጎናቸው ከዳቸው፤ ንግግራቸው ጠፋ። ወሬው ቡኮምን ለማዳረስ ጊዜ አልፈጀበትም፤ ኦፎሌይ የሙት ምግብ አበላችው፣ እርሱም ሞተ ተባለ። እንዳልሞቱ ለማስረዳት የሞከረ ሰው "ገና ነው" የሚል መልስ አገኘ።

የሁለቱ ቤቶች ሽማግሌዎች ተቀመጡ። አክስቴን በመካከል አቆሟቸው። አታ ኦኪንን ከሁለት ሳምንት በፊት እንደለኳቸው፣ ምን እንዳገኙ፣ ምን እንደነገሯቸው በሁለቱ ቤቶች የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ አንዱ አክስቴ፣ ሌላው ምላሱ የተሳሰረው ሕመምተኛ። ይህን እኔም ያወቅሁት ኋላ ነው። አንድ ቃል ቢተነፍሱ ነፃ በወጡ ነበር። የጥናቱን መዝገብ ያዩት ዶክተር ሴናም የሕመምተኛውን ፈቃድ ጠይቀን እንናገር ብለው መጥተው ለምነዋቸዋል። "ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፣ ዶክተርዬ" አሏቸው። "ዛሬ ለእኔ ስል የእርሱን ብናገር ነገ ማን ክንዱን ይሰጠኛል?" በሸንጎው ፊት ዝም አሉ። አንዱ ሽማግሌ በምሳሌ ወጓቸው፤ "ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል።" ሰው ሳቀ። ባላቸው ዞረው አላዩዋቸውም። በግና አንድ ጠርሙስ የጂን መጠጥ ለካሣ ተፈረደባቸው፤ ከፈሉ። ከዚያም ወደ ቤት ገብተው ለራት በርበሬ ፈጩ።

ከዚያ ወዲህ ሳህኑ ከነጨው ይሄድ ጀመር። አክስቴ ጨው ሲነሰንሱ አይቻቸዋለሁ። ጣታቸውን ድስቱ ላይ ዘርግተው ለረጅም ጊዜ ሳይለቁ ይቆማሉ። "ኮርኮር፣ ጨው ስጨምር እኔ እገድለዋለሁ፤ ባልጨምር ደግሞ ሬሳ አድርጌዋለሁ" አሉኝ። በወንዶች ቤት በኩል ከፍ ያለ ድምፅ በተሰማ ቁጥር ማንኪያ ከእጃቸው ይወድቅ ነበር። እኔም ያን ጊዜ ፍርሃቱን ከእሳቸው ወሰድኩ። ራሴን በመታኝ ቁጥር በልቤ ስሜን እጠራ ነበር።

አንድ ነገር ግን አላቆሙም። አታ ኦኪን የተኙበት ክፍል መስኮት ወደ መተላለፊያው ይከፈታል። አክስቴ ጠዋት ጠዋት ሥሩ ቆመው "አታ ኦኪን፣ ስምዎን ይበሉ" ይላሉ። ወንዶቹ ያባርሯቸዋል። "አንቺ ሴትዮ፣ የጀመርሽውን ልትጨርሺው ነው?" ይሏቸዋል። እሳቸው ሄደው በማግስቱ ይመለሳሉ። መጀመሪያ ከመስኮቱ የሚወጣው እንደ እንስሳ ያለ ድምፅ ነበር። ሰምቼ የሮጥኩበት ጊዜ አለ። ከወራት በኋላ "ኦ" ሆነ። ከዚያ "ኦኪ"። አንድ ጠዋት ሙሉው ስም ወጣ፤ አክስቴም ከመስኮቱ ሥር ቁጭ ብለው ቀሩ።

በ2012 ከሆሞዎ ማግሥት፣ የተጣላ በሚታረቅበት፣ ሰው ሁሉ ለሰው መልካም ዓመት በሚመኝበት ቀን፣ አታ ኦኪንን ደግፈው ወደ አደባባይ አወጧቸው። ሁለቱም ቤቶች ተሰብስበው ነበር። ሽማግሌው ዱላቸውን ተመርኩዘው በአክስቴ ፊት ቆሙ። ሁሉም ሊረግሟቸው ነው ብሎ ወደ ፊት ተጠጋ።

"ነገረችኝ" አሉ በዚያ በሚጎተት አፍ። "ከሳህኑ... በፊት። ደምህ ከፍ ብሏል... ሐኪም ቤት ሂድ አለችኝ። ነገ... አልኳት። ነገ ነገ... አልኳት።" ትንፋሽ ወሰዱ። "በሸንጎው... ዝም ያለችው... ለእኔ ነው።"

አታ ክዌይ ከተቀመጡበት ተነሱ። እጅጌያቸውን ጠቅልለው ክንዳቸውን ለሚስታቸው ዘረጉ፤ በሕዝብ ፊት። አክስቴ ለክተው ቁጥሩን በጆሮአቸው ነገሯቸው። አታ ክዌይ ለምስጢር ደንታ ስለሌላቸው "ጉድ ነው! ከታንኳዬ ሞተር ይበልጣል!" ብለው ጮኹና ሰዉን አሳቁት። ግን ሲቀመጡ ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር።

ኪኒኑን ጀመሩ። የሳህኑ ነገር ግን አልተፈታም። "መድኃኒት እውጣለሁ። የሙት ምግብ ግን አልበላም፣ ኦፎሌይ፤ አንቺን ስለጠላሁ አይደለም፤ እፈራለሁ" አሉ። አክስቴ ያን ምሽት ጨው የቀነሱበትን ሳህን ለሌላ ሰው አላስያዙም። ራሳቸው ተሸከሙት። መተላለፊያውን ተሻገሩ፤ ሴት በማትቀመጥበት በወንዶች ቤት ደፍ ላይ ተቀመጡ። ክዳኑን አነሱ።

"ምን ልትሆኚ ነው?" አሉ አታ ክዌይ።

"ልበላ።"

"ከእኔ ሳህን?"

"የሙት ምግብ ከሆነ ቀድሜ ልሙት። ካልሆነ ደግሞ ይቀዘቅዛል፣ ተቀመጥ።"

ቆርሰው፣ በወጡ አጥቅሰው ጎረሱ። ወንዶቹ ሁሉ ዓይናቸውን በአፋቸው ላይ ተክለው ነበር። ዋጡ። ሁለተኛ ጎረሱ። አታ ክዌይ ቆመው፣ ቆመው፣ በመጨረሻ ከጎናቸው ቁጭ አሉ። "ምንም አይጣፍጥም" አሉ እያኘኩ። "አውቃለሁ" አሉ አክስቴ።

ከዚያ ምሽት ጀምሮ በጤና እስካሉ ድረስ ያን ደፍ አልተዉትም። ጨውንም በዶክተር ሴናም ምክር መሠረት ቀስ በቀስ ቀነሱት። ቀስ በቀስ ሌሎች ሚስቶችም ሳህናቸውን ይዘው መጥተው ከደፉ ጀምረው በተርታ ይቀመጡ ጀመር፤ ወንዶች ቤት ምሽት ምሽት ሴት አየ። ባልና ሚስት በሁለት ቤት፣ በአንድ ድስት እንደሚኖሩ ዶክተሯ በጥናታቸው ጽፈውታል፤ በሌላ አገር ስብሰባ ላይ ስለ ቡኮም ደፍ እንደተናገሩም ነግረውናል። ናአ ኦፎሌይ እስከ 2019 በጥናቱ፣ ከዚያም በቤተ ክርስቲያናቸው የሴቶች ማኅበር ክንድ በመለካት አገልግለዋል። ከአባታቸው ዘር ስድሳ ዓመት ያለፉ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። በስድሳኛ ልደታቸው ቀን ተደሰቱ ወይ ብዬ ስጠይቃቸው "አሁን ደግሞ ምን እንደምፈራ አላውቅም" አሉኝ።

የራሳቸውን ኪኒን ያለማቋረጥ ወስደዋል። ያን መመስከር አለብኝ፤ ምክንያቱም አንዳንድ ሰዎች "ስትውጠው ኖራ ይኸው ሞተች" እያላችሁ ነው፤ ሰምቼአችኋለሁ። አባታቸው በአርባ ስድስት፣ እናቴ በአርባ ዘጠኝ ነው የሄዱት። አክስቴ ሰባ ሁለት ዓመት ኖረዋል። ልዩነቱን እናንተው ቁጠሩ።

በሜይ 2022 መጨረሻ፣ ከሆሞዎ በፊት ከበሮና ጩኸት በሚከለከልባቸው ሳምንታት፣ ቀትር ላይ ግቢው ውስጥ በቆሎ እየለቀሙ ሳሉ እጃቸው ቆመ። በቆሎው ከጭናቸው ተበተነ። ቀና ብለው አዩኝ፤ አንዱ ዓይናቸው ብቻ አየኝ። ሮጬ ያዝኳቸው። አንድ ቃል ብቻ ነው የመጣልኝ። "አክስቴ፣ ስምዎን ይበሉ።" ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ስማቸውን እየፈለጉ እንደነበር በዓይናቸው አየሁት፤ ምን እየሆኑ እንዳሉም ከእኛ ሁሉ ይልቅ እሳቸው ያውቁ ነበር። ለስድሳ ዓመት የፈሩት ነገር መጥቶ በፊታቸው ቆሞ ነበር። ለመጮህ አፌን ከፈትኩ፤ ጎረቤታችን በመዳፍዋ ከደነችው። "ኮርኮር፣ እገዳው! እገዳው!" አለችኝ። ሆስፒታል አደረስናቸው፤ ዶክተሮቹ የቻሉትን ሁሉ አደረጉ። ጁን 1 ቀን 2022 ጠዋት ዐረፉ።

ሙሾ አልወጣም፣ ደረት አልተደቃም። በእነዚያ ሳምንታት በጋ ማሺ ሞት አይለቀስም፤ ሬሳ ይቆያል፣ ዕንባም ይቆያል። ድምፅ ሳናወጣ እየተጠባበቅን ስንኖር ግቢያችን ያን ጸጥ ያለ የማክሰኞ ምሽት መሰለ። ዛሬ ከበሮው ተፈቅዷል፣ ሆሞዎም አልፏል። የታመቀውን ሁሉ አሁን ማውጣት ይቻላል።

ናአ ኦፎሌይ ባለቤታቸውን አታ ክዌይ ታጎን፣ ልጆቻቸውን ኒ ኦቱን፣ አሜርሌይንና አጄሌይን፣ ሰባት የልጅ ልጆችን፣ የባለቤታቸውን ወንድም አታ ኦኪንን፣ ወዳጃቸውን ዶክተር ሴናምን፣ እኔንም ኮርኮርን ትተው ሄደዋል። በአደራ የተውት አንድ ነገር ነው፤ የቀብራቸው ምግብ ከመቀመሱ በፊት ሐዘንተኛ ሁሉ ክንዱን እንዲሰጥ። በሩ ላይ የተቀመጡትን ሦስት ሴቶች አይታችኋል። "ለሐዘን መጥተን ልንታነቅ ነው?" ያላችሁ አላችሁ። አዎን። እኔ አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ከእናቴ ዕድሜ ሦስት ዓመት ይቀረኛል። ለዓመታት ከዚያ ጨርቅ ስሸሽ ኖሬ ዛሬ ጠዋት ቀድሜ ተቀመጥኩ። ቁጥሬን አልነግራችሁም፤ ለባለ ክንዱ ብቻ ነው። ነገ ሐኪም ቤት ቀጠሮ አለኝ፤ "ነገ ነገ" እንዳልል ዶክተር ሴናም እጄን ይዘው ይወስዱኛል።

አታ ክዌይ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ከታላቅ ወንድማቸው በቀር በወንዶች ቤት በዕድሜ የሚበልጣቸው፣ ታንኳ የወጣ ሰው በሕይወት የለም። ትናንት ወደ ማጀት ገብተው ድስት ጠየቁን። ወንድ ድስት ሲጠይቅ አይተን ስለማናውቅ እርስ በርስ እየተያየን ሰጠናቸው። የዘንባባ ፍሬውን ራሳቸው ቀቀሉ። ጨው ላቀብላቸው ስል እጄን መለሱት። ዛሬ ከቀብር መልስ ሳህኑን ተሸክመው ከወንዶች ቤት ይወጣሉ፤ መተላለፊያውን ይሻገራሉ፤ ወንድ በማይቀመጥበት በሴቶች ግቢ ደፍ ላይ ቁጭ ይላሉ። ለአክስቴ ድርሻቸውን መሬት ላይ ያፈሳሉ፤ በጉርሻው ግን ይቀድሟቸዋል። የሙታን ድርሻ ነውና አይፈሩም ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው።

"እፈራለሁ እንጂ" አሉኝ። "እሷም ያን ምሽት ከመጉረሷ በፊት ዓይኗን ስትጨፍን አይቻለሁ። ፈርታ ነው የበላችልኝ።"

አምላክ ሆይ፣ ከአንተ ያልተሸሸጉትን እኒህን ሴት ስማቸውን ጠርተህ ተቀበላቸው። አሁን ፍርሃት የለባቸውም፤ እኛ ነን የቀረን፤ ለእኛም አስብልን። አሜን።